የአያቴ ራዲዮ ከመሸ በኋላ ጩኸት ብቻ ሆነ

ጦሳ ግርጌ ፦ እሑድ፣ ማታ 3፡20

ሰላም ናችሁ? የምጽፈው ከደሴ ነው፤ ሳላይሽ አካባቢ ነን። ቤታችን አንድ የቆየ ራዲዮ አለ፣ የአያቴ። ባለ አራት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው። አንድ መካከለኛ ሞገድና ሁለት አጭር ሞገድ አለው፤ ኤፍ ኤም የለውም። የቆዳ ልብሱ እስካሁን አለ። ማንገቻው ብቻ ተበጥሶ በጫማ ክር ተቀጥሏል።

አባባ ሰማንያን አልፈዋል። ዓይናቸው ስለደከመ ቴሌቪዥን አያዩም። በስልክ ዜና ስከፍትላቸው "ይሄ ቆርቆሮ ነው፣ አጥፋው" ይሉኛል። እሳቸው የለመዱት በዚያ ራዲዮ ከምሽቱ 1 ሰዓት የጀርመን ድምፅን መስማት ነው። እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመረ ልማድ ነው። ያ ሰዓት ሲደርስ ቤቱ ሁሉ ጸጥ ይል ነበር።

አሁን ግን አልሆነም። ቀን ላይ ይሰማል። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ "ዝዝዝዝ" የሚል ጩኸት ይነሳና ጣቢያውን ይውጠዋል። መካከለኛ ሞገዱም ያው ነው። ከጀመረው አንድ ዓመት ሊሞላው ነው።

ድንጋይ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ቤት ወሰድኩት። ሦስት ቀን አቆይቶ "ኮንደንሰሩ ነበር፣ ቀይሬዋለሁ" ብሎ መለሰልኝ። ጩኸቱ አልሄደም። ይባስ ብሎ ቀን ጥርት ብለው ይመጡ የነበሩት ጣቢያዎችም ራቁ። ጀርባውን ስከፍተው ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ የቆርቆሮ ሳጥኖች አናት ላይ የካቻቪቴ ጭረት አየሁ። አንድ ሁለቱ ጥርሳቸው ተፈርፍሯል።

የመበየጃ ካውያና ቴስተር አለኝ፤ የኤሌክትሪክ ሀሁም አውቃለሁ። ግን የአባባን ራዲዮ ጨርሼ እንዳላበላሸው ፈራሁ። ከየት ልጀምር?

ባለካውያው ፦ እሑድ፣ ማታ 4፡05

ልጄ እንደምን አመሸህ? አባባን ሰላም በልልኝ። ሰኞ ገበያ አጠገብ ለብዙ ዓመት ራዲዮ ስጠግን ኖሬያለሁ። ዓይኔ ለጥቃቅን ሥራ አልታዘዝ ሲለኝ ነው የተውኩት።

እንደነገርከኝ ከሆነ ያለብህ ሁለት በሽታ ነው። አንዱ ከመጀመሪያው የነበረው ጩኸት ነው። ሌላው ጠጋኙ ቤት የመጣው ነው። አትቀላቅላቸው። ሁለተኛው ቀላል ስለሆነ እሱን እናስቀድም።

ያየሃቸው ሳጥኖች መሐላቸው ላይ የሚዞር እምብርት አላቸው። እምብርቱ ቀለም ተቀብቷል፦ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ቢጫው፣ ነጩና ጥቁሩ 455 ኪሎ ሄርዝ ላይ የተቃኙ ናቸው። ራዲዮው የትኛውንም ጣቢያ ቢይዝ ወደዚች አንድ ቁጥር ይቀይረውና በእነዚህ ሦስት በሮች ያሳልፈዋል። እንደ ክራር ክር አስባቸው። የባቲና የአምባሰል አገር ልጅ ስለ ቅኝት አይነገረውም! አንዱ ክር ከላላ ዘፈኑ ይበላሻል። እዚህም ሦስቱ ካልተስማሙ ድምፁ ይሰልላል፣ የሩቁ ጣቢያ ይጠፋል። ብዙ ሰው ግን ብሎን መስሎት "ላልቷል" ብሎ ያጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት የሞተ ራዲዮ እጄ ላይ ስንት መጥቷል!

አሁን እንዲህ አድርግ። ካቻቪቴ አትጠቀም። ብረት ሲቀርበው ቅኝቱ ይለወጣል፤ ደግሞም እምብርቱ እንደ ከሰል የሚሰባበር ነገር ነው። የቀርከሃ ስንጥር አሹል፣ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርገው። ከመንካትህ በፊት እያንዳንዱ እምብርት የቆመበትን በእስክሪፕቶ ምልክት አድርግ፣ በስልክህም ፎቶ አንሳ።

ከዚያ ቀን ላይ፣ መካከለኛ ሞገድ ላይ ደከም ያለ ጣቢያ ያዝ። ደከም ያለ ያልኩህ ጠንካራው ላይ ራዲዮው ራሱ ድምፁን ስለሚያመጣጥን ልዩነቱ ስለማይታወቅህ ነው። ከጥቁሩ ጀምር፣ ወደ ነጩ ሂድ፣ ቢጫውን መጨረሻ። ሩብ ዙር እንኳን አትሙላ። ሲጎላ ቁም፣ ሲቀንስ መልስ። ሦስቱን ከጨረስክ በኋላ ደግመህ ዙራቸው።

ቀዩን እንዳትነካ። እሱ ከተነካ ጣቢያዎቹ በሙሉ ከቁጥራቸው ይነሳሉ።

ደላንታዬ ፦ ሰኞ፣ ጠዋት 1፡15

ከወገል ጤና። ጽሑፉን ሳነብ የኛ ቤት ራዲዮ ታወሰኝ። እኛ ዘንድ ድንጋይ ሲደክም ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ይሰጣ ነበር። በአንድ በኩል በርበሬ፣ በሌላ በኩል ድንጋይ። ማታ ላይ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ሙቀት ውስጡ የቀረችውን ኬሚካል ያነቃቃታል እንጂ አዲስ ጉልበት አይጨምርም፤ ለአንድ ዜና ግን ይበቃ ነበር።

አባቴ ደግሞ የደከመ ድንጋይ አይጥልም። ስድስቱን በሸንበቆ ውስጥ ይደረድርና ከጫፍና ከጫፍ በሽቦ ወደ ራዲዮው ያገናኛል። ሂሳቡ ልክ ነበር። አዲስ ድንጋይ 1.5 ቮልት ነው፤ አራቱ 6 ቮልት። የደከመው 1 ቮልት ከቀረው ስድስቱ ያው 6 ቮልት ይሆናሉ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ይህን ግን ያውቅ ነበር።

ወንድሜ፣ የድንጋዩን ቤት ስፕሪንግ አይተኸዋል? ድንጋይ ውስጡ ቆይቶ ካፈሰሰ ይዝጋል፣ ራዲዮውም ያጉረመርማል። በሎሚ እሸው።

ሐይቅ ዳር ፦ ሰኞ፣ ቀን 7፡40

ሎሚውን ቆይ ወንድሜ። ሎሚ የሚሠራው አልካላይን የሚባለው ድንጋይ ሲያፈስ ነው። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሹ ትልቁ ድንጋይ የሚያፈሰው ግን ራሱ አሲድነት ያለው ነው፤ አሲድ በአሲድ ላይ መጨመር ይሆናል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ፣ በአልኮል በነከርከው ጥጥ ጥረገው። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ድረስ።

ሐይቅ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ራዲዮ ሲከፈት ከሰሌዳው ይልቅ እሱን ነው የሚያዩት። የጦሳ ግርጌ፣ ውጤቱን ሳትነግረን እንዳትቀር።

የቦርከና ልጅ ፦ ሰኞ፣ ማታ 2፡10

ከኮምቦልቻ ነኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። የማታው ጩኸት እኔ እንደሚመስለኝ የተፈጥሮ ነው። ከምድር ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው ሽፋን አለ። ቀን ላይ መካከለኛ ሞገድን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትገባ ይሳሳና ሞገዱ ከላይ ካለው ሽፋን ተንጸባርቆ ከሩቅ ይመጣል። ለዚህ ነው ማታ የዐረብ ጣቢያዎች እንደ ጎረቤት የሚሰሙት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ መጨናነቅ ይፈጠራል። ራዲዮው ጤነኛ ነው፣ አየሩ ነው የሞላው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በጥቅምት፣ ሜትራቸውን፣ ማለትም የሚገኙበትን የሞገድ ቁጥር፣ ይቀያይራሉ። አባባ በድሮው ቦታ እየፈለጉ እንዳይሆን።

ባለካውያው ፦ ሰኞ፣ ማታ 2፡50

የቦርከና ልጅ፣ ስለ ሽፋኑ ያልከው እውነት ነው። ሥራ ላይ ሳለሁ ማታ ማታ ደንበኞቼ "ራዲዮዬ ዐረብኛ ብቻ ሆነብኝ" እያሉ ይመጡ ነበር። ግን ጣቢያ በጣቢያ ላይ ሲደራረብ የሚሰማው ሰው ሲናገር፣ ዘፈን፣ ፉጨት ነው። ልጁ የሚለን "ዝዝዝዝ" ነው። ሰማይ "ዝዝዝዝ" አይልም። እንደዚያ የሚለው ኮረንቲ ነው።

ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ። መብራት ሲጠፋስ እንዴት ነው?

ጦሳ ግርጌ ፦ ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ጋሼ፣ እጅዎን ልሳም!

በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ስፕሪንጉ ዝጎ ነበር፤ መምህርት እንዳለችው በብርጭቆ ወረቀት ጠረግሁት። እምብርቶቹን በቀርከሃ አዞርኳቸው። ጥቁሩ ብዙም አልተነካም ነበር። ነጩ ግን ሙሉ ዙር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ተጠምዝዟል። ቀስ እያልኩ ስመልሰው አንድ ቦታ ላይ ድምፁ "ቦግ" አለ፤ እውነት ለመናገር ልቤ ነው የመታው። ከግድግዳ ጀርባ ሲያወራ የነበረ ሰው በሩን ከፍቶ የገባ ያህል ነው። ቢጫው ጥርሱ ስለተፈረፈረ አስቸገረኝ፤ ስንጥሩን አሹዬ ጠርዙ ላይ በቀረችው ስንጥቅ ያዝኩት። አሁን ቀን ላይ እንደድሮው ነው።

ማታ ግን ያው ጩኸት።

ትናንት ወደ 1 ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት ሄደ። ራዲዮው ተከፍቶ ነበር። ቤቱ ጨለመ፤ ጩኸቱም አብሮ ጠፋ። ጭጭ። ከዚያ የጋዜጠኛዋ ድምፅ ብቻ። አባባ ቀና ብለው "ማን ነው የሠራው?" አሉ። እናቴ ሻማ ልትፈልግ የተነሳችው እንደቆመች ቀረች። ሃያ ደቂቃ ያህል ሰማን። መብራት ሲመጣ ጩኸቱ ተመለሰ።

ራዲዮው የሚሠራው በድንጋይ ነው፤ ከኮረንቲ ጋር ምንም ንክኪ የለውም። ታዲያ እንዴት?

ሐይቅ ዳር ፦ ሐሙስ፣ ቀን 6፡55

ንክኪ አያስፈልገውም፤ በአየር ነው የሚመጣው። አምፖሎቻችሁ ባለ ኤልኢዲ ናቸው?

የድሮው አምፖል ሽቦ አግሎ ነው የሚያበራው፤ ለራዲዮ ጸጥተኛ ነው። ኤልኢዲ ግን 220 ቮልቱን እንዳለ አይጠቀምም። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሽ ቦርድ አለ፤ ኮረንቲውን በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ይቆራርጠዋል። ያ መቆራረጥ ራሱ ራዲዮ ሞገድ ይፈጥራል። ለምሳሌ በሰከንድ 60 ሺህ ጊዜ ቢቆራርጥ፣ 60 ኪሎ ሄርዝ ላይ ብቻ አይቆምም። በ120፣ በ180፣ በ240 እያለ መካከለኛ ሞገድን አልፎ አጭር ሞገድ ድረስ ይወጣል። ጥሩ አምፖል ይህን የሚያፍን ማጣሪያ አለው። ርካሹ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ማጣሪያው ይቀራል። የቤታችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ ደግሞ አንቴና ሆኖ በየክፍሉ ያደርሰዋል። የስልክ ቻርጀርም እንደዚሁ ነው።

12 ሰዓት ተኩል የሚነሳው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ? መብራት የምታበሩበት ሰዓት ነው።

ሌባውን ለማግኘት ኪስ የሚገባ ትንሽ ራዲዮ ተዋስ። መካከለኛ ሞገድ ላይ ጣቢያ የሌለበት ቦታ አድርገህ በየክፍሉ ዙር። ውስጡ ያለው ጥቁሩ የፌራይት ዘንግ አንቴናው ነው፤ በአብዛኛው ከላይ ጠርዙን ይዞ በቁመቱ ተጋድሟል። የዘንጉ ጎን ወደ ምንጩ ሲዞር ጩኸቱ ይበረታል፤ ጫፉ ወደ ምንጩ ሲያመለክት ይደበዝዛል። የደበዘዘበትን አቅጣጫ ያዝ።

የቦርከና ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

ትክክል ናት፤ እኔ ተሳስቻለሁ። ዛሬ ሥራ ቦታ የእጅ ራዲዮ ይዤ አንድ ፓውዛ አጠገብ ብሄድ ምንም ጣቢያ አላሰማኝም። ከአሥራ አምስት እርምጃ በኋላ ነው የተመለሰው። ስንት ዓመት ስሰቅላቸው ኖሬ አንድም ቀን በራዲዮ አዳምጬያቸው አላውቅም ነበር።

የጦሳ ግርጌ፣ ከመዞርህ በፊት ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ ዝጋ። ሲጠፋ ጩኸቱ ሙሉ በሙሉ ከሄደ ምንጩ ከቤታችሁ ነው። ከቀረ ከጎረቤት ነው።

የመርሳ ልጅ ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2፡15

ይቅርታ ላቋርጥ። 11ኛ ክፍል ነኝ። በአንዲት ትራንዚስተር የኤፍ ኤም ማሰራጫ ሠርቼ ሰፈሬን ዘፈን ማሰማት ፈልጌ ነበር። የት ልጀምር?

ባለካውያው ፦ ሐሙስ፣ ማታ 2፡40

የኔ ልጅ፣ ፍላጎትህን ወድጄዋለሁ። ማሰራጨት ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው፤ ሞገዱን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በአንድ ትራንዚስተር የተሠራ ማሰራጫ ቦታው ላይ አይረጋም፤ እየተንሸራተተ የሰው ጣቢያ ላይ ይወጣል። አሁን ስለ አባባ ጩኸት ስንት ቀን እንደተቸገርን እያየህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ የአማተር ራዲዮ ክበብ አለ፤ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። እዚያ በሕጉ መሠረት ከዓለም ጋር ይነጋገራሉ። እስከዚያ መቀበያ ሥራ። መቀበያ ማንንም አይረብሽም፤ ብዙም ያስተምራል።

ሐይቅ ዳር ፦ ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ለመርሳው ልጅ፦ እኔ ከተማሪዎቼ ጋር ያለ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ እሠራለሁ። የፕላስቲክ ቱቦ ላይ የተጠመጠመ ሽቦ፣ ጣቢያ የሚመርጥ አንድ ተለዋዋጭ ካፓሲተር፣ ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ የጀርማኒየም ዳዮድ፣ ረጅም የውጭ ሽቦ፣ መሬት የተቀበረ ብረት። ጉልበቱን የሚያገኘው ከጣቢያው ሞገድ ከራሱ ነው። ተራው የሲሊከን ዳዮድ እስከ 0.6 ቮልት ካላገኘ በቅጡ አያሳልፍም፤ ጀርማኒየሙ ግን በ0.2 ገደማ ይጀምራል፤ ለዚህ ነው የግድ እሱ የሚሆነው። የጆሮ ማዳመጫውም የስልኩ አይሆንም፣ ክሪስታል የሚባለው ነው። ሐይቅ ላይ የሚሰማን ማታ ማታ ነው፣ በጣም በስሱ። ባለፈው አንዷ ተማሪዬ ጆሮዋ ላይ አድርጋ "መምህር፣ ድንጋዩ የታለ?" ብላ ስታገላብጠው ነበር።

ጦሳ ግርጌ ፦ ቅዳሜ፣ ማታ 4፡10

ተገኘ!

ትናንት ማታ የቆጣሪውን ማጥፊያ ዘጋሁት። ጩኸቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ፤ ከሩቅ ትንሽ ቅሪት አለች፣ የጎረቤት መሆን አለበት። ከዚያ ከፍቼ አንድ አንድ አምፖል እያበራሁ በእጅ ራዲዮ ዞርኩ። የወጥ ቤቱ ምንም አይልም። የበረንዳው ትንሽ። የመኝታ ቤቱ ትንሽ። የሳሎኑን ሳበራው ራዲዮው እጄ ላይ ጮኸ። አባባ የሚቀመጡት ልክ ከሱ ሥር ነው። ከአልጋው አጠገብ ያለው የስልክ ቻርጀርም ጥፋተኛ ነው፤ ስልክ ባይሰካበትም ፕሬዛው ላይ እስካለ ይጮኻል።

አምና የቤቱን አምፖል በሙሉ ያስቀየርኩት እኔ ነኝ። ቆጣሪ እንዳይበላ ብዬ። ጩኸቱ የጀመረበት ጊዜ ልክ ያኔ ነው። አባባ ዓመቱን ሙሉ "ራዲዮዬ አርጅቷል፣ እንደኔ" ሲሉ ነበር፤ እኔም አምኛቸው ነበር። ይህ በጣም ከነከነኝ።

ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ወርጄ የእጅ ራዲዮውን ይዤ አምፖል ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁን "አብራልኝ፣ ልስማው" አልኩት። መጀመሪያ ግራ ገባው። ሁለቱ ጮኹ። ሦስተኛው ከበድ ያለ ነው፤ ራዲዮውን ሳስጠጋው ብቻ ነው ትንሽ የሚሰማው። እሱን ገዛሁ። ባለሱቁ ራሱ ቀሪዎቹን እያበራ ማዳመጥ ጀምሮ ነበር ስወጣ።

ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከጎረቤት ለምትመጣው የጩኸት ቅሪት የውጭ ሽቦ ልዘርጋ?

ባለካውያው ፦ ቅዳሜ፣ ማታ 4፡35

ዘርጋ። አሥር ሜትር ይበቃል። ከቤቱ በራቀ ቁጥር ጩኸቱን ትቶ ጣቢያውን ይዞ ይመጣል። ጓሮ ባሕር ዛፍ ካለ ጫፉን በጎማ ቁራጭ እሰረው፤ ሽቦው እንጨቱን አይንካ። ከኤሌክትሪክ መስመር በላይም በታችም እንዳያልፍ። ራዲዮው ላይ አትበይደው። ሽፋኑን ሳትልጥ አንቴናው ላይ ሦስት አራት ዙር ጠምጥመው፣ ያ ይበቃዋል፤ ከበዛ ጣቢያዎቹ ይደራረባሉ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሰማዩ ሲጉረመረም ነቅለህ ወደ ውጭ ጣለው። የደሴን መብረቅ ታውቀዋለህ።

አባባ ይህን ያህል የሚወዱት የጀርመን ድምፅ በአማርኛ የጀመረው በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ነው። ብሥራተ ወንጌል የሚባለው ራዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ይሰማ የነበረበት ዘመን ማለት ነው። ምናልባት ከመጀመሪያው ጀምሮ የሰሙት ናቸው። ጠይቅልኝ።

ጦሳ ግርጌ ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20

ጠየቅኋቸው። ከመጀመሪያው አይደለም፤ ይህችን ራዲዮ ሲገዙ ነው የጀመሩት። በሬ ሸጠው እንደገዟት ነገሩኝ። እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።

ሽቦው ተዘርግቷል። አዲሱ አምፖልም ገብቷል፤ ቢበራም ራዲዮው ጥርት ብሎ ይሰማል። አባባ ግን ያቺን መብራት የጠፋባት ማታ አልረሷትም። 1 ሰዓት ሊል ሲል "አጥፉት" ይላሉ። አያስፈልግም ብያቸው ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። እናቴ ተነስታ ታጠፋዋለች። የቡናው ከሰል ፍም ብቻ ይቀራል። ሁላችንም ዝም እንላለን።

ባለካውያው ፦ ማክሰኞ፣ ማታ 2፡45

አልሐምዱሊላህ። ማንገቻዋን ግን በጫማ ክር አትተዋት። ሰኞ ገበያ ስትወጣ ደውልልኝ፤ ቆዳ አሳምሮ የሚሰፋ ሰው ጋ እወስድሃለሁ።